«ያው ዕቃ» የሚባለው የትኛው ነው? የቤት ዕቃ ዋጋ፣ የጦርነት ጊዜ ደመወዝና የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የምናገረው ስለ አንሶላ፣ ስለ ድስትና ስለ ካልሲ ነው። ርእሱ ለሕዝባዊ ንግግር ያነሰ የመሰለው ካለ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ እንዴት ይለካ በሚለው ጥያቄ ላይ በአንድ ወቅት የሚሊዮኖች ሠራተኞች ደመወዝ ተንጠልጥሎ ነበር። የአንድ ታላቅ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ክብርም ለክርክር ቀርቦ ነበር፤ ክርክሩ ያበቃው የቁጥሩ ስም ተለውጦ፣ ቁጥሩ ግን እንደነበረ ቀርቶ ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ነው። ለእኛ የሚነግረን ምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከሁለት ቁጥሮች እንነሣ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ያዘጋጀው ኢንዴክስ ከጃንዋሪ 1941 እስከ ዲሴምበር 1943 የኑሮ ዋጋ በ23.4 በመቶ መጨመሩን ያሳይ ነበር። በጃንዋሪ 1944 ሁለት የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ፌዴሬሽን ሰው የነበሩት ጆርጅ ሚኒ እና ከኢንዱስትሪ ድርጅቶች ኮንግረስ ወገን የሆኑት አር. ጄ. ቶማስ፣ ጭማሪው 43.5 በመቶ ነው የሚል ሪፖርት አወጡ። አገሩ አንድ፣ ጊዜው አንድ፣ ገበያውም አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ20 ነጥብ ልዩነት ነበር። ስለ ምግብና ስለ ኪራይም ብዙ ተከራክረዋል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። እኔ የምከተለው የልብስንና የቤት ዕቃን ክር ነው። በዚያ በኩል ያለው ጥያቄ ብዙ ሱቅ በመጎብኘት ብቻ የሚመለስ አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ዕቃዎቹ ዓይነት ጥቂት ልበል። የብሔራዊ ሒሳብ ባለሙያዎች ቤተሰብ የሚገዛውን ሁሉ በአራት ይመድቡታል፤ ዘላቂ ዕቃ፣ ከፊል ዘላቂ ዕቃ፣ አላቂ ዕቃና አገልግሎት። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ማቀዝቀዣ ዘላቂ ናቸው። ሳሙናና ክብሪት አላቂ ናቸው። በመካከል ያሉት፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ መጋረጃ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ድስት፣ ቢላዋ፣ መዶሻ፣ እንደ ካውያ ያሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም ጭምር፣ ከፊል ዘላቂ ይባላሉ። መለያቸው ሁለት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላሉ፣ ነገር ግን ዕድሜያቸው ከዘላቂው ዕቃ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዋጋቸውም እንዲሁ ከዘላቂው በብዙ ይቀንሳል። ልብስና ጫማም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እነዚህ ዕቃዎች ለለኪው የሚያስቸግሩት በመካከል በመሆናቸው ነው። ስንዴ በየሳምንቱ ይገዛል፤ ያለፈው ሳምንት ስንዴና የዚህ ሳምንቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ማቀዝቀዣ ውድ ስለሆነ አምራቹም፣ ሻጩም፣ ገዢውም ሞዴሉንና መጠኑን መዝግበው ይይዛሉ። የአንሶላን ሞዴል ግን ማን ይመዘግባል? ዓይነቱ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የሚቀያየረውም በየወቅቱ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጥራቱ የሚታወቀው ሲገዛ አለመሆኑ ነው። ጥሩ አንሶላና መጥፎ አንሶላ በሱቅ መደርደሪያ ላይ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት ከብዙ እጥበት በኋላ ነው። ዋጋ ሰብሳቢው ግን አንሶላውን አያጥበውም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1707 ዊልያም ፍሊትዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ አንድ የሕሊና ጥያቄ ለመመለስ መጽሐፍ ጻፈ። በአንድ ኮሌጅ የ15ኛው መቶ ዓመት ደንብ መሠረት በዓመት ከ5 ፓውንድ በላይ ገቢ ያለው ሰው የኮሌጁ አባል ሆኖ መቀጠል አይችልም ነበር። ታዲያ ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በዓመት ከ5 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው ያንን መሐላ ያለ ኀጢአት መማል ይችላልን? ፍሊትዉድ የጥንቱ 5 ፓውንድ ምን ያህል እህል፣ ሥጋ፣ መጠጥና ጨርቅ ይገዛ እንደነበር አስልቶ፣ በእርሱ ዘመን ያንኑ ለመግዛት ብዙ እጥፍ እንደሚያስፈልግ አሳየ። ሰውዬው በንጹሕ ሕሊና ሊምል ይችላል ብሎም ደመደመ። ከአራቱ ዕቃዎች ሦስቱ የሚበሉና የሚጠጡ ናቸው፤ አራተኛው ጨርቅ ነው። የኢንዴክስ ታሪክ ጸሐፊዎች ፍሊትዉድን እንደ አባት ይቆጥሩታል። እኔን የሚስበኝ ግን ገና በመጀመሪያው ቅርጫት ውስጥ አንድ ከፊል ዘላቂ ዕቃ መገኘቱ ነው። የ15ኛው መቶ ዓመት ጨርቅና የ18ኛው መቶ ዓመት ጨርቅ «ያው ጨርቅ» ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከእኛ ጋር አለ።

ወደ 20ኛው መቶ ዓመት ስንመጣ እንግሊዞች በ1914 የኑሮ ውድነት ኢንዴክስ አቋቋሙ፤ መነሻውም የዚያው ዓመት ጁላይ ነበር። ክብደቱን ልንገራችሁ፤ ምግብ 60 በመቶ፣ ኪራይ 16፣ ልብስ 12፣ ማገዶና መብራት 8፣ የቀረው ሁሉ 4። በዚያች በ4 በመቶ ውስጥ ሳሙና፣ የብረታ ብረት የቤት ዕቃ፣ ብሩሽና መጥረጊያ፣ የሸክላ ዕቃ፣ ትምባሆ፣ የትራንስፖርት ክፍያና ጋዜጣ ተጨናንቀው ነበር። የወጪው መረጃ የተገኘው በ1904 ከተደረገ የሠራተኛ ቤተሰቦች ጥናት ነው። የሚያስገርመው ይህ ቅርጫት እስከ 1947 ድረስ ማገልገሉ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት በቅርጫቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር በውስጡ ያሉትን የምግብ ዓይነቶች በገንዘብ ይደጉም ነበር። ከ1941 ጀምሮ ደግሞ «ዩቲሊቲ» የተባለ ደረጃው የተወሰነ ልብስ አስመረተ፤ በ1942ም ከሽያጭ ቀረጥ ነፃ አደረገው። ኢንዴክሱ ብዙም አልተናወጠም። የቤተሰቡ እውነተኛ ወጪ ግን ከቅርጫቱ ውጪ ወደነበሩ ነገሮች ከሄደ ቆይቶ ነበር። ቅርጫቱ ባረጀ መጠን ይዘቱን የሚያውቅ መንግሥት እንደ ልቡ ሊያነሣውና ሊያወርደው ይችላል።

የአሜሪካ ኢንዴክስ በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ነበር፤ ታሪኩን ትምህርት ሰጪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መጥፎ ኢንዴክስ መክሸፉ ማንንም አያስደንቅም። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ሥራውን ሲያሻሽል ቆይቶ፣ ከ1934 እስከ 1936 በሠራተኞችና በጸሐፊዎች ቤተሰቦች ወጪ ላይ ሰፊ ጥናት አድርጎ ክብደቱን አድሶ ነበር፤ መነሻው የ1935–39 አማካይ ነው። የቢሮው ወኪሎች በታላላቅ ከተሞች ሱቆች እየዞሩ ዋጋ የሚመዘግቡት በዝርዝር መግለጫ ነበር። አንሶላ ሲሆን የጥጡ ዓይነት፣ ስፋቱና ርዝመቱ፣ በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ብዛት፤ ጫማ ሲሆን የቆዳው ዓይነትና የሶሉ አሰፋፍ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መግለጫው አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው፣ ዕቃው አንድ ከሆነ የዋጋው ልዩነት የዋጋ ለውጥ ነው። ይህ አሠራር በሰላም ጊዜ ያማረ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1941 ክረምት ሐር ለጦር ሠራዊቱ ሲያዝ የሴቶች የሐር ካልሲ ከገበያ ጠፍቶ በሬዮን ተተካ። በ1942 የጦርነት ምርት ቦርድ የወንዶች ሱሪ ታጥፎ የሚሰፋው ጫፍ እንዲቀር፣ ከሱፍ ልብስ ጋር ሁለተኛ ሱሪ እንዳይሸጥ፣ የሴቶች ቀሚስ ስፋትና ጌጥ እንዲወሰን አዘዘ። ብረት ወደ መሣሪያ ፋብሪካ ስለሄደ የሶፋና የፍራሽ ሞላ ብርቅ ሆነ። በኤፕሪል 1942 መጨረሻ ደግሞ ጠቅላላ የዋጋ ጣሪያ ታወጀ፤ ሻጭ ሁሉ በማርች ከሸጠበት ከፍተኛ ዋጋ በላይ እንዳይሸጥ ተከለከለ።

እስቲ እንደ ፋብሪካ ባለቤት እናስብ። ጥጥ ተወድዷል፣ ሠራተኛ ጠፍቷል፣ ዋጋ መጨመር ግን ወንጀል ነው። የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ክሩን ማሳሳትና ስፌቱን ማራራቅ፣ ዋጋው ግን እንዳለ መተው ነው። ሁለተኛው ትርፉ አነስተኛ የሆነውን ርካሹን ዓይነት ጨርሶ አቁሞ፣ ያለውን ጨርቅ ውድ ለሆነው ዓይነት ማዋል ነው። በሁለቱም መንገድ ድሀው ቤተሰብ ይጎዳል። በሁለቱም መንገድ የመንግሥት ሕግ አልተጣሰም። አሁን የዋጋ መዝጋቢው ወኪል ይህን እንዴት እንደሚያየው እንመልከት።

ለምሳሌ ያህል ወኪሉ ባለፈው ወር አንድ አንሶላ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሲሸጥ መዝግቦ ነበር እንበል። በዚህ ወር ሲመለስ ያ አንሶላ የለም፤ ከቀሩት ሁሉ ርካሹ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሸጣል። ሁለቱ አንድ ናቸው ካለ ዋጋ በሲሶ ጨመረ ማለት ነው። የተለያዩ ናቸው ካለ ደግሞ አዲሱን ከአሮጌው ያያይዛል፤ ማለትም የ40 ሳንቲሙ ልዩነት በሙሉ የጥራት ልዩነት ተደርጎ ይወሰድና ኢንዴክሱ በዚያ ወር ከቦታው አይነቃነቅም። እናትየዋ ግን በመሶቧ ላይ ያለውን 40 ሳንቲም ከፍላለች። የተሻለ አንሶላ አግኝታ ይሆናል፤ ነገር ግን የተሻለ አንሶላ አልፈለገችም፤ የፈለገችው የ1 ዶላር ከ20ውን ነበር።

ሁለተኛው ሁኔታ ደግሞ ይበልጥ ድብቅ ነው። አንሶላው በቦታው አለ፤ ስሙ ያው፣ ዋጋው ያው 1 ዶላር ከ20። ክሩ ግን ሳስቷል፤ አራት ዓመት ያገለግል የነበረው ሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላል። መግለጫው የክር ብዛትን እንጂ የክር ጥንካሬን ካልያዘ ወኪሉ የሚያየው ምንም ለውጥ የለም። ለቤተሰቡ ግን የአንድ ዓመት የአንሶላ ወጪ በእጥፍ አድጓል። እዚህ ላይ የመርሕ ጥያቄ አለ። ቤትን በተመለከተ የምንለካው ኪራይን፣ ማለትም ቤቱ በወር የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ ነው። ለአንሶላ ግን የምንለካው የመግዣ ዋጋን ነው፤ ዕድሜውን አንጠይቅም። ይህ ልማድ ዕድሜው እስካልተለወጠ ድረስ ምንም አይጎዳም። ሲለወጥ ግን ኢንዴክሱ ዕውር ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። ከፐርል ሃርበር በኋላ የሠራተኛ ማኅበራቱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ሥራ ላለማቆም ቃል ገብተው ነበር። ስለዚህ ደመወዝ የሚያስጨምሩበት በር አንድ ብቻ፣ ብሔራዊ የጦርነት ጊዜ የሠራተኛ ቦርድ ነበር። ቦርዱ በጁላይ 1942 «ሊትል ስቲል» ተብለው በሚጠሩት የብረት ኩባንያዎች ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ፤ ከጃንዋሪ 1941 እስከ ሜይ 1942 የኑሮ ዋጋ 15 በመቶ ያህል ስለጨመረ፣ የሰዓት ደመወዝም ከጃንዋሪ 1941 መነሻ 15 በመቶ ድረስ ብቻ እንዲጨምር ፈቀደ። ይህ ቀመር ከዚያ በኋላ ለመላው አገር መለኪያ ሆነ። ኢንዴክሱ ግን በ15 ላይ አልቆመም። ስለሆነም እያንዳንዷ ነጥብ ለሠራተኛው እንጀራ ናት፤ ለቦርዱ ደግሞ መላውን የደመወዝ ገደብ ልትንድ የምትችል ስንጥቅ ናት።

ቅሬታው ሲበረታ በ1943 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ኮሚቴ፣ በፍሬድሪክ ሚልስ ሰብሳቢነት፣ ኢንዴክሱን መርምሮ በተወሰነለት ዓላማ ውስጥ የታመነ ነው አለ። ማኅበራቱ አልረኩም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ በቦርዱ ሊቀ መንበር በዊልያም ዴቪስ የሚመራ የኑሮ ውድነት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሚኒና ቶማስ የሠራተኛው ወገን ሆነው የገቡት በዚህ ኮሚቴ ነው። የ43.5ቱን ሪፖርት ያወጡትም የኮሚቴውን መደምደሚያ ሳይጠብቁ ነው። ዴቪስ ነገሩን ለሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት መራው፤ ሰብሳቢው ዌስሊ ሚቸል፣ አባላቱ ሳይመን ኩዝኔትስና ማርጋሬት ሪድ ነበሩ።

በዚህ ኮሚቴ ስብጥር ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። ኩዝኔትስ በብሔራዊ ገቢ አለካክ ሥራው የታወቀ ነው፤ በኋላም በ1971 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ብዙ ጊዜ የምትዘነጋው ማርጋሬት ሪድ ናት። በ1934 የቤት ውስጥ ምርት ኢኮኖሚክስን የሚመለከት መጽሐፍ አሳትማ ነበር፤ ምግብ ማብሰል፣ ማጠብና መጣፍ ምርት ናቸው፣ ሊለኩም ይገባቸዋል የሚል። ካልሲው ቶሎ ሲቀደድ መርፌውን የሚያነሣ ሰው አለ፤ የዚያ ሰው ድካም በማንም መዝገብ ላይ አይገባም። ሪድ በኮሚቴው ክፍል ውስጥ ይህን ትበል አትበል አልመሰክርም። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከእርሷ የተሻለ ሰው ማግኘት ግን ያስቸግር ነበር ባይ ነኝ።

ኮሚቴው በ1944 አጋማሽ ያቀረበው ፍርድ ሚዛናዊ ነበር። የቢሮው ሥራ በሙያ ረገድ ብቁ ነው፤ የማኅበራቱ 43.5 በመቶ አልተረጋገጠም። ነገር ግን የጥራት መውረድ፣ የርካሽ ዕቃዎች ከገበያ መጥፋትና እነዚህን የመሰሉ ስውር ጭማሪዎች ኢንዴክሱን ከ3 እስከ 5 ነጥብ ዝቅ አድርገውታል። ልብ በሉ፤ ሦስቱ ሊቃውንት ይህን ቁጥር ከአንድ ቀመር አላወጡትም። ማስረጃ አገናዝበው የገመቱት ነው። ዴቪስም በኖቬምበር 1944 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያቀረበው ሪፖርት ይህንኑ የተከተለ ነበር። የደመወዝ ቀመሩ ግን አልተነካም፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ጸንቶ ቆየ።

በ1945 የኢንዴክሱ ስም ተለወጠ። «የኑሮ ውድነት ኢንዴክስ» መባሉ ቀርቶ «በታላላቅ ከተሞች ያሉ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ» ተባለ። ዛሬ በዓለም ሁሉ፣ በእኛም አገር፣ «የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ» ስንል የዚህን ስያሜ ውርስ እንናገራለን። ቢሮው ለመናገር የፈለገው ግልጽ ነው፤ እኔ የምለካው የተወሰኑ ዕቃዎችን ዋጋ ነው፣ ሰው ለመኖር ስንት እንደሚያስፈልገው አልነገርኋችሁም። ይህ ሐቀኛ እርምት ነው። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ጥያቄውን አልመለሰውም፤ ከደጅ አስቀመጠው እንጂ። «የዕቃ ዋጋ ብቻ ነው የምለካው» የሚለው መልስ የትኛው ዕቃ ያው ዕቃ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰንን ይጠይቃል፤ የተጣሉትም በዚያ ላይ ነበር። ደግሞም ደመወዝ ወሳኞቹ ስሙን አንብበው አጠቃቀማቸውን አልቀየሩም። በ1948 ጄኔራል ሞተርስና የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ደመወዝን ከዚሁ ኢንዴክስ ጋር የሚያስር ውል ተፈራረሙ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በ1980ዎቹ የቢሮው ተመራማሪዎች በሴቶች ልብስ ኢንዴክስ ላይ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። የወቅቱ ቀሚስ በሙሉ ዋጋ ይገባል፤ ወቅቱ ሲያልፍ በቅናሽ ዋጋ ይሸጥና ይጠፋል። በሚቀጥለው ወቅት አዲስ ቀሚስ በሙሉ ዋጋ ሲመጣ «የተለየ ዕቃ» ተብሎ ይያያዛል። ስለዚህ ኢንዴክሱ ቅናሹን ሁሉ ይመዘግባል፣ መመለሱን ግን አያይም፤ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚከፍለው ሳይረክስ በወረቀት ላይ ልብስ ይረክሳል። ይህ የ1 ዶላር ከ20ዋ አንሶላ ታሪክ እንደገና ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቢሮው የጨርቁን ዓይነት፣ የአሰፋፉን ሁኔታና ሌሎችንም ባሕርያት ለየብቻ በሒሳብ ዋጋ የሚያወጣ ዘዴ ለልብስ መጠቀም ጀመረ። በ1996 ደግሞ በማይክል ቦስኪን የተመራው ኮሚሽን ኢንዴክሱ የዋጋ ግሽበትን በዓመት 1.1 የመቶኛ ነጥብ ያጋንናል አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የዕቃዎች ጥራት መሻሻል በበቂ አለመቆጠሩ ነው። በዚያ ጊዜ የጡረታ ክፍያ ከኢንዴክሱ ጋር የተሳሰረ ስለነበር ጥያቄው ምን ያህል ቢሊዮን ዶላር ይቆጠባል የሚል ነበር። በ1944 ጥራት ወርዷል ብለው የጮኹት ደመወዝ ተቀባዮች ነበሩ፤ በ1996 ጥራት ተሻሽሏል የሚለው ድምፅ የመጣው ከበጀት ወገን ነው። ሁለቱም በየጊዜያቸው እውነት ነበራቸው። ለታሪክ ተመራማሪ የሚገባው ጥያቄ ግን የጥራት ጉዳይ ለምን ሁልጊዜ የሚነሣው የሆነ ሰው ሊከፍል ወይም ሊቀበል በተዘጋጀ ጊዜ ነው የሚለው ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ኢንዴክስ ዕቃዎችን የሚመድበው በዚያው በተባበሩት መንግሥታት አመዳደብ ነው፤ ለቤት ዕቃዎችና ለቤት ውስጥ መገልገያዎች የተለየ ምድብ አለው። በዲሴምበር 2016 መነሻው ኢንዴክስ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ የያዘው ምግብ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛው ስለ ጤፍና ስለ ዘይት መጻፉ፣ ኢኮኖሚስቱም እንዲሁ ማድረጉ አያስገርምም። የቤት ዕቃው ድርሻ ትንሽ ነው። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን?

ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ብሔራዊ ባንክ በኦገስት 2023 የዋጋ ግሽበትን በሰኔ ወር 2024 ከ20 በመቶ በታች ለማውረድ ግብ አስቀምጦ የባንኮች ብድር ዕድገት በ14 በመቶ እንዲገደብ አድርጎ ነበር። አንድ ቁጥር ግብ ሲሆን በግቡ ዙሪያ ያሉ ክፍልፋዮች ሁሉ ክብደታቸው ይጨምራል፤ ሊትል ስቲል ያሳየን ይህንኑ ነው። ሁለተኛው፣ የእኛ ገበያ ባለፉት ዓመታት ከ1942ቱ የአሜሪካ ገበያ ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ወይም በጁላይ 2024 እንደሆነው የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ብር ሲዳከም አስመጪው ዋጋ ከመጨመር ሌላ መንገድ አለው፤ ሌላ ዕቃ ማምጣት። ስሙ ያው ፔርሙዝ ነው፣ ያው ብርድ ልብስ ነው፣ ያው የአሉሚኒየም ድስት ነው። ገዢው ደግሞ ድስቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ በድምፁ ውፍረቱን ለመገመት ይሞክራል።

እዚህ ላይ ስለ ቁራሌው አንድ ነገር ብናገር ከርእሴ የወጣሁ አይምሰላችሁ። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ድስት፣ ማንቆርቆሪያና የተሰበረ ዕቃ ይገዛል። ድስቱን በእጁ ይዞ ይመዝነዋል፤ የሚከፍለውም ለብረቱ ነው። የድስቱ የምርት ስም፣ ዲዛይኑም፣ ሲገዛ የወጣበት ዋጋም አይገደውም። ሁለት «ቁጥር 24» ድስቶች አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል ከሆኑ ለቁራሌው አንድ ዕቃ አይደሉም። የዋጋ ሰብሳቢው ቅጽ ግን ስፋታቸውን ብቻ ከጠየቀ ለኢንዴክሱ አንድ ናቸው። ይህን የምለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ዋጋ ሰብሳቢዎች በፀሐይና በዝናብ ገበያ ለገበያ እየዞሩ የሚሠሩት ሥራ ከሚከፈለው ምስጋና በላይ ነው። የምለው ለድስት ክብደት በግራም፣ ለብርድ ልብስም ክብደቱ በግራም፣ ለአንሶላ የክሩ ድብልቅ ከጥጥና ከፖሊስተር ስንት እንደሆነ ቢጻፍ «ያው ዕቃ» የሚለው ፍርድ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ከመንጠልጠል ይድናል። ትንሽ የእጅ ሚዛን ከመሸከም በቀር ብዙ የሚያስወጣ ነገርም የለውም።

ከተማሪዎቻችን መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ አንድ ሐሳብ ልተው። በየወሩ የሚታተመው የኢንዴክስ ሠንጠረዥ የመጨረሻው ውጤት ነው፤ ታሪኩ ያለው ከእርሱ በስተጀርባ በሚሞሉት ቅጾች ላይ ነው። ዕቃው ጠፍቶ ምትክ ሲመረጥ ዋጋ ሰብሳቢው ምን ጻፈ? በቀጥታ አወዳደረው ወይስ አያያዘው? የዚህ ውሳኔ ድግግሞሽ ገበያው በተረጋጋባቸው ዓመታትና ምንዛሪ በተቸገርንባቸው ዓመታት ይለያያል ወይ? ኮሚቴ ሳይቋቋም፣ ደመወዝም ሳይታሰርበት፣ በጸጥታ ጊዜ ሊመረመር የሚችል ጉዳይ ነው። ፈቃድ ጠይቆ ቅጾቹን የሚያገኝ ተማሪ በመጀመሪያ የቤት ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ይያዝ፤ ከዚያ ወደ ድስቱና ወደ ሰሃኑ ይሂድ። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ለሁለት ሰው ቢሰጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።